ተናግራ ስላልጨረሰችው ልጅ ለክቡር ኃላፊው

ለክቡር የትምህርት ቤቶች ክትትልና ሥነ ሥርዓት ኃላፊ
ባሉበት

ጉዳዩ፦ «ክብር አጉድላለች» ተብሎ የተጻፈልኝን ማስጠንቀቂያ በታላቅ ክብር መቀበሌን ስለ ማሳወቅ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ሰንብተዋል? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ የቢሮዎ ምንጣፍ ሁሉ ደህና ነው ወይ? የጉሮሮዎን ነገር በተለይ አጥብቄ እጠይቃለሁ፤ ክፍላችንን በጎበኙ ቀን ስለ ዝምታ ጥቅም ትንፋሽ ሳይወስዱ ሲናገሩ ቆይተው ወደ ማብቂያው ላይ ድምፅዎ ሰለል ብሎ ስለ ነበር፣ እኔም ተማሪዎቼም ከልብ አስበንልዎታል። ጉልበትዎንም እንዲሁ። ለልጆች ተብሎ በተሠራ አግዳሚ ወንበር ላይ እንደ እርስዎ ያለ ባለ ግርማ ሰው ጉልበቱን አጥፎ መቀመጥ ቀላል ነገር አይደለም፤ ተቀምጠው ቢሆን ኖሮ ማለቴ ነው።

እኔ የሰባተኛ ‘ለ’ ክፍል ኃላፊና የጂኦግራፊ መምህርት ነኝ። በስሜ ላያስታውሱኝ ይችላሉ፤ በዚያ ቀን ስሜን ልነግርዎ ጀምሬ የአባቴ ስም ላይ ሳልደርስ ፊትዎን ወደ መስኮቱ መጋረጃ ስላዞሩ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም፣ የስሜ ርዝመት ነው። ተማሪዎቼ «እትዬ ቆይ» ይሉኛል። ይህን ስም ያወጡልኝ «ቆይ፣ ይጨርስ»፣ «ቆይ፣ ትጨርስ» የሚለው ቃል ከአፌ ስለማይጠፋ ነው።

ማስጠንቀቂያዎ በሰላም ደርሶኛል። አንብቤዋለሁ፣ ደግሜ አንብቤዋለሁ፣ ለባለቤቴም አስነብቤዋለሁ። ደብዳቤው ከፊታችን ሰኞ ጀምሮ ሰባተኛ ‘ለ’ን ተማሪው ሁሉ «መምህር ጸጥታ» ለሚላቸው የጎን ክፍል ባልደረባዬ አስረክቤ፣ እኔ ግን አክብሮት ምን እንደ ሆነ እስክረዳ ድረስ ወደ መጻሕፍት መጋዘን እንድዛወር ያዛል። ከመጻሕፍት ጋር መዋል መታደል ነው፤ መጽሐፍ ሰው ሲናገር አያቋርጥም። «መልስ ካላት በጽሑፍ ታቅርብ» በማለትዎም እጅግ አመሰግናለሁ። በቃል ታቅርብ አለማለትዎ፣ ጠባይዎን ለምናውቅ ሰዎች፣ ትልቅ ርኅራኄ ነው።

መልሴን ግልጽ አድርጌ በትምህርት ቤቱ በር ላይ ባለው የማስታወቂያ ሰሌዳ የምለጥፈው ልዳፈርዎ ብዬ እንዳይመስልዎ። ወደ ቢሮዎ የገባ ወረቀት ተራ ይጠብቃል ይባላል፤ ተራው ወዴት እንደሚሄድ የሚያውቅ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም። ምናልባት መንገደኛ ሁሉ ቆሞ ሲያነበው ካዩ እርስዎም ይጓጉ ይሆናል ብዬ ነው። እንግዲህ በፈቃድዎ፣ ከማስጠንቀቂያው ጋር በተያያዘው የጉብኝት ሪፖርትዎ ላይ የተዘረዘሩትን ጥፋቶቼን እንደ ቅደም ተከተላቸው አንድ በአንድ አያቸዋለሁ።

አንደኛ፤ በር የማንኳኳቴ ጉዳይ።

«መምህርቷ ወደ ገዛ ክፍሏ ስትገባ እንደ እንግዳ በር ታንኳኳለች፤ ይህም የመምህርን ግርማ ሞገስ ዝቅ ያደርጋል» ብለው ጽፈዋል። እውነት ነው፣ አንኳኳለሁ። ማንኳኳት ብቻ አይደለም፣ «ይግቡ» እስኪሉኝም ድረስ እቆማለሁ። ስለ ግርማ ሞገሴ በመጨነቅዎ ልቤ ተነክቷል፤ እስከ ዛሬ ስለ ግርማ ሞገሴ የሚጨነቅ ባለቤቴ ብቻ ነበር፤ እርሱም የሚጨነቀው ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሣ ካየኝ ነው።

እንዲህ የማደርገው ያለ ምክንያት አይደለም። መምህር እስኪገባ ድረስ ጠረጴዛ ላይ የወጣ ልጅ አይጠፋም። ሳንኳኳ ራሱ ይወርዳል፤ ሳላንኳኳ ብገባ ግን የማወርደው እኔ ነኝ። ራሱ የወረደ ልጅና ተጮኾበት የወረደ ልጅ አንድ ወንበር ላይ ቢቀመጡም አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው ትምህርቱን ይከታተላል፤ ሁለተኛው ሲከታተል የሚውለው እኔን ነው። ደግሞም በሩ ብረት ነው፤ ማጠፊያው ስለ ላላ በኃይል ሲገፉት እስከ ፊተኛው አግዳሚ ይደርሳል። እርስዎ ሳያንኳኩ በገቡ ጊዜ የመታው የልጅ ክርን አሁን ድኗል፤ ስላልጠየቁኝ ሳልነግርዎ እንዳልቀር ብዬ ነው።

ሁለተኛ፤ ተማሪ ፊት «ተሳስቻለሁ፣ ይቅርታ» የማለቴ ጉዳይ።

ይህን የነገሩዎ ርዕሰ መምህራችን ናቸው። ደግ ሰው ናቸው፤ እርስዎ አጠገብ ሲሆኑ ብቻ አንገታቸው ይላላል፤ በዚያ ቀን ራሳቸውን ሲነቀንቁ ውለው ማታ አንገታቸውን በፎጣ ጠቅልለው መታየታቸውን ሰምቻለሁ። የሆነው እንዲህ ነው። ሰሌዳ ላይ ካርታ ስሥል ቀስቱን ገልብጬ ወንዙን ከባሕር ወደ ተራራ አስፈሰስኩት። አንድ ልጅ አየና ነገረኝ። እኔም ይቅርታ ጠይቄ፣ ልጁን አመስግኜ፣ ወንዙን ወደ ባሕሩ መለስኩት።

እርስዎ እንደሚመክሩት ስሕተቴን በምስጢር ባርመው ኖሮ ክብሬ በቦታው ይቀር ነበር፤ በልጆቹ ደብተር ውስጥ ግን ወንዙ እስከ ዛሬ ተራራ ሲወጣ ይኖር ነበር። እርስዎ በበኩልዎ ማንንም ይቅርታ ጠይቀው እንደማያውቁ የቢሮዎ ሰዎች ይመሰክራሉ። ይህ ማለት አንድም ቀን ተሳስተው አያውቁም ማለት ነውና፣ እንዲህ ያለውን ሰው በዐይኔ ለማየት በመብቃቴ ራሴን እንደ ዕድለኛ እቆጥራለሁ።

ሦስተኛ፤ «በክፍሏ ውስጥ ሕፃን ሁሉ እስከ ፈለገው ድረስ ይናገራል» የሚለው ጉዳይ።

እዚህ ላይ ጥቂት ይታገሡኝ፤ የክፍሌ ሕግ ሁሉ ከዚህ የሚነሣ ነው።

እኔ ለእናትና ለአባቴ ሰባተኛ ልጅ ነኝ፤ ከበላዬ ስድስት፣ ከበታቼ ሁለት አሉ። በዚያ ቤት ውስጥ ዓረፍተ ነገር የሚጀመር እንጂ የሚያልቅ ነገር አልነበረም። አንድ ቀን ራት ሊቀርብ ሲል «ድመቷ እኮ...» ብዬ ጀመርኩ። ታላቅ ወንድሜ ስለ ጫማው ተናገረ፤ ታላቅ እህቴ ስለ ወንድሜ ተናገረች፤ አባቴ ስለ ሁለቱም ተናገረ። እኔ «ድመቷ እኮ...» እያልኩ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ። ክርክሩ ሲያልቅ ድስቱም አልቆ ነበር። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ እንደሚባለው፣ ድመት በበላች ቁጣው እኔ ላይ ወረደ፤ «እያየሽ ለምን አልተናገርሽም?» ብለው ጮኹብኝ። ለዚህም መልስ ልሰጥ ጀምሬ ነበር፤ እርሱንም አልጨረስኩትም። ዓረፍተ ነገር እስከ ነጥቡ ድረስ መናገር የቻልኩት ካገባሁ በኋላ ነው። ባለቤቴ የአውቶቡስ ሾፌር ስለሆነ ቀኑን ሙሉ ከመሪ ጋር ሲታገል ይውላል፤ ማታ ሰው ለማቋረጥ አቅም የለውም።

ስለዚህ መምህር ስሆን በክፍሌ አንድ ሕግ አወጣሁ። የሚናገር ሰው «ጨርሻለሁ» እስኪል ድረስ ማንም አይገባበትም። የሚገባበት ከተገኘም አይጮኽበትም፣ አይሰደብም፤ ያየው ሁሉ ዝም ብሎ መዳፉን ዘርግቶ ያሳየዋል። ትርጉሙ «ገና አልጨረሰም» ነው። ሕጉ ለእኔም ይሠራል፤ ችኩል በሆንኩባቸው ቀናት መዳፍ በብዛት አያለሁ።

ይህ ሕግ ዋጋ የለውም አልልም። ራዲዮ የምንለው ልጅ አለን። ስለ አጎቱ ብስክሌት ጎማው ከተነፈሰበት ቀን ጀምሮ እስከ ተጣበቀበት፣ ከዚያም እንደገና እስከ ተነፈሰበት ድረስ ሰምተናል፤ አጎትየውን በመንገድ ብናገኘው ከነብስክሌቱ እንለየዋለን። በዚህ የተነሣ ከጎረቤት ክፍሎች በአንድ አህጉር ያህል ወደ ኋላ ቀርተናል። ነገር ግን ራዲዮ ጨርሶ መናገር የለመደ ልጅ ስለሆነ ጨርሶ መስማትም ለምዷል። ወንዙ ወደ ላይ መፍሰሱን ያየው እርሱ ነው።

ለእኔ አክብሮት ማለት ይህ ነው፤ ሌላው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ። ብድግ ማለትን፣ ድምፅ ዝቅ ማድረግን፣ አንገት መድፋትን አልጠላም፤ እነዚህን ሁሉ ግን የፈራ ሰውም ያደርጋቸዋል። ከራስ የሚያንሰውን፣ የማይፈሩትን ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ መጠበቅ ግን ከአክብሮት በቀር ሌላ ምክንያት የለውም። ባለቤቴ ይህን ሲሰማ ስለ እርስዎ አንድ ነገር ብሏል፤ በሾፌርኛ ስለሆነ ይቅር ይሉታል ብዬ ነው የምጽፈው። «ሰውዬው ፌርማታ ላይ ሳይቆም የሚያልፍ ሾፌር ነው፤ ኋላ ደግሞ ተሳፋሪ የለም ብሎ ሪፖርት ያደርጋል» አለ።

አራተኛ፤ መጋረጃው አቧራ አለው የሚለው ጉዳይ።

አለው።

አምስተኛ፤ «ተማሪዎቹ በመምህርቷ አቀናባሪነት በኃላፊው ላይ ሰልፍ አድርገዋል» የሚለው ጉዳይ።

ከዚህ በላይ ያሉትን ክሶች እየሣቅሁ ነው የጻፍኳቸው። ይህኛው ላይ ስደርስ ሣቄ ትንሽ ያንሳል፤ ጨዋነቴ ግን እንደማያንስ ቃል እገባለሁ።

ሊጎበኙን እንደሚመጡ አስቀድሞ ስለ ተነገረን፣ እንግዳ በወጉ መቀበል አለበት ብለን ከልጆቹ ጋር ተመካከርን። ማን ይቀበልዎ ሲባል ቀድሞ እጁን ያወጣው ራዲዮ ነው። የእርሱ አቀባበል እርስዎ ጡረታ እስከሚወጡ ድረስ ሊዘልቅ እንደሚችል ስለምናውቅ ክፍሉ በሙሉ አመስግኖ አስቀመጠው። ከዚያ በኋላ ከመስኮቱ ሥር አንዲት እጅ ወጣች። እናቷ የስፌት ሠራተኛ የሆነች ልጅ እጅ ነበረች።

ይህችን ልጅ ላስተዋውቅዎ፤ ተገናኝታችኋል፣ ግን አልተዋወቃችሁም። ስትናገር ትንተባተባለች። ቃሉ ልቧ ውስጥ አለ፤ አፏ ደጃፍ ላይ ሲደርስ ይያዝባታል። ከእኔ በፊት የነበሩት መምህራን ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ እንዲያውም ከደግነታቸው የተነሣ ተራ በተራ ሲነበብ እርሷ ጋ ሲደርሱ ይዘሏት ነበር። በዚህ ዓይነት እየተዘለለች ሰባተኛ ክፍል ደረሰች። ዓመቱ ሲጀመር መልሷ ሁሉ ራስ መነቅነቅ ነበር።

እኛ አልዘለልናትም። ለመጀመሪያ ጊዜ ተራዋ ሲደርስ አንድ መስመር አነበበች። ከመስኮቱ ውጪ ያለው ጋራዥ ብረት ይቀጠቅጣል፤ ክፍሉ ውስጥ ግን ራዲዮ እንኳ ትንፋሹን ይዞ ነበር። መስመሩ ረዘመ፤ ማንም ቃል አላቀበላትም፤ ጨረሰች። ከዚያ ወዲህ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ትጨምር ጀመር። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የሚለውን ተረት ስሰማ እንቁላሉ እንዴት አድርጎ የሚለው ነገር ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር፤ በዚህ ዓመት ሲሄድ አየሁት።

እንግዲህ እርስዎን የምቀበል እኔ ነኝ ያለችው እርሷ ናት። ማንም አልገፋፋትም። ንግግሯንም ራሷ ነው ያዘጋጀችው፤ «እንኳን ደህና መጡ፤ መምጣትዎ ደስ አሰኝቶናል» የሚል ነበር። በየቀኑ ሰው ሲወጣ ቀርታ ለእኔ ትለማመደው ነበር፤ ቤቷም ለልብስ መስፊያው ማሽን እንደምትለማመደው እናቷ ነግራኛለች። እናቷ ለዚያ ቀን የደንብ ልብሷን አንገትጌ ፈትታ በአዲስ ሰፋችላት።

ጠዋት ይመጣሉ ተብሎ ከሰዓት በኋላ መጡ። ለትልቅ ሰው ጠዋት የሚጀምረው እርሱ ሲደርስ ነውና አላማረርንም። በሩ ተበረገደ፤ ክርኑ ተመታ፤ ገቡ። ልጅቷ ብድግ አለች። «እ... እ... እን...» ብላ ጀመረች።

ሰዓትዎን አዩ። ርዕሰ መምህሩም ሰዓትዎን አዩ። ልጅቷ «እን... እን...» ላይ ነበረች፤ እኔ ስለማውቃት ጥቂት ቢቆዩ ቃሉ እንደሚወጣ አውቅ ነበር፤ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። በዚህ ጊዜ እርስዎ በአባትነት ስሜት ጎንበስ ብለው «ምንድነው ልጄ? ውጪ መውጣት ነው የፈለግሽው? ሂጂ፣ ሂጂ፤ ለሽንት ቤት ይህን ያህል መጨነቅ ምንድነው? በሩ ያውልሽ» አሏት። ከዚያም ሣቁ። እርስዎ ስለ ሣቁ ርዕሰ መምህሩም ሣቁ።

ከልጆቹ ግን የሣቀ አልነበረም። ይህን ሪፖርትዎ አልጻፈውምና እኔ እጽፈዋለሁ፤ በዚህ ዕድሜ ያሉ ልጆች «ሽንት ቤት» የሚለውን ቃል ሰምተው አለመሣቃቸው በማስተማር ሕይወቴ ያየሁት ትልቁ ተአምር ነው። በመሣቅ ፈንታ መዳፋቸውን ዘረጉ። ከፊተኛው አግዳሚ እስከ ኋለኛው፣ ክርኑ የተመታው ልጅ ሳይቀር በደህናው እጁ፣ ሁሉም። እርስዎ ሰልፍ ያሉት ይህን ነው። ጠበቃው የምንለው የክፍሉ አለቃ ደግሞ ተነሥቶ «ይቅርታ ጋሼ፣ ገና አልጨረሰችም» አለዎት። ይህ በሪፖርትዎ ላይ «አንድ ተማሪ ኃላፊውን ገሥጿል» ተብሎ ተመዝግቧል። እኔም «እባክዎ ይጠብቋት፣ ትጨርስ» ብዬ ለምኜ ነበር፤ እርሱ «መምህርቷ አመፁን አባብሳለች» ሆኗል።

ከዚያ በኋላ ስለ አክብሮትና ስለ ዝምታ ጥቅም መናገር ጀመሩ። ታናሽ ለታላቅ፣ ተማሪ ለመምህር፣ መምህር ለኃላፊ እንዴት ያለ አክብሮት ሊኖረው እንደሚገባ ደወሉ እስኪደወል ድረስ አስረዱን። እውነቱን ለመናገር ጥሩ ንግግር ነበር፤ ማንም አላቋረጠዎትም። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ከመስኮቱ ሥር አንዲት ልጅ ቆማ ነበር። ውጪ አልወጣችም፣ አልተቀመጠችምም። ተናግራ ስላልጨረሰች ቆማ ትጠብቅዎት ነበር። አላዩአትም ብዬ አስባለሁ። አይተዋት ቢሆንማ ሥርዓት የለበትም ያሉት ክፍል ውስጥ ከሁሉም ይልቅ ሥርዓት ያላት እርሷ መሆኗ አይጠፋዎትም ነበር። እርስዎ ሲወጡ ተቀመጠች።

ክቡር ሆይ፣ በዚያ ቀን ተናድጃለሁ። አዝኛለሁም። ከጨዋነት የተነሣ ሳልነግርዎ ብቀር ግን መዋሸት ይሆንብኛል።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅቷ አንድም ቃል አልተናገረችም። ተራዋ ሲደርስ ቆመን እንጠብቃታለን፤ ራሷን ትነቀንቃለች። እናቷ አንድ ቀን ከሥራ ገበታዋ ተነሥታ፣ ሜትሯን አንገቷ ላይ እንደ ጣለች፣ መርፌዎቿ ደረቷ ላይ እንደ ተሰኩ ወደ ትምህርት ቤት መጣች። «እትዬ፣ እኔ ጋም እኮ አትናገርም። ማሽኑ ፊትም መቀመጥ ትታለች። ምን አሏት?» አለችኝ። ያላሏትን ነገር ብጠየቅ ይቀለኝ ነበር። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም የሚባለው ለካ ለተናጋሪው ብቻ አይደለም፤ ለሰሚውም ነው።

እንግዲህ ልመናዬ አንዲት ብቻ ናት። ወደ መጋዘኑ ስለ መዛወሬ አይደለም። መጋዘኑን ሄጄ አይቼዋለሁ፤ ጥሩ ጥላ አለው፣ አቧራውም ከመጋረጃዬ አቧራ ጋር ዝምድና አለው። መምህር ጸጥታም ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ታማኝ ጎረቤቴ ናቸው፣ ጠመኔ ስንበዳደር ኖረናል። የሚያስጨንቀኝ ግን ይህ ነው፤ በእርሳቸው ክፍል ዝም ያለ ልጅ ሙሉ ነጥብ ያገኛል። ይህች ልጅ አሁን እንዳለችው ሆና ወደ እርሳቸው እጅ ከገባች የጠባይ ተሸላሚ ትሆናለች፤ በየዓመቱ ምስክር ወረቀት እየወሰደች፣ ዝም እንዳለች፣ ማንም ምን እንደ ጎደላት ሳይጠይቃት ትምህርቷን ትጨርሳለች። ኋላ ምናልባት በአንድ ቢሮ ውስጥ ትቀጠርና እርስዎ ሲናገሩ ራሷን ስትነቀንቅ ትኖራለች።

ስለዚህ ከሰኞ በፊት አንድ ቀን መጥተው ይጎብኙን። በሩን ያንኳኩ፤ ክፍሉ «ይግቡ» ይልዎታል። አግዳሚው ላይ ይቀመጡ፤ ለጉልበትዎ ትራስ አዘጋጅቻለሁ። ከዚያ ይጠብቁ። በጀት አይጠይቅም፤ አበልም የለውም፤ ከዚህ በፊት ያልተሞከረበት ምክንያትም ይኸው ሳይሆን አይቀርም። ልጅቷ ትናገር ይሆናል፤ ላትናገርም ትችላለች፤ ለዚያ ዋስ መሆን አልችልም። ቢያንስ ግን እርስዎን የሚያህል ሰው ለእርሷ ሲል ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ታያለች። ከዚያ በኋላ መጋዘን ቢልኩኝ በደስታ፣ በሩን ሳላንኳኳ እገባለሁ፤ ከመጻሕፍቱ መካከል ጠረጴዛ ላይ የሚወጣ የለምና።

ሰፊ ጊዜዎን ስለ ሰጡኝ፣ ክፍሌን በአካል መጥተው ስላረሙ፣ አክብሮትን በተግባር ስላሳዩንና ጉድለቴን ስለ ጠቆሙኝ፣ እስከ መሬት ጎንበስ ብዬ፣ ጎንበስ ስልም የወደቀ ጠመኔ እያነሣሁ፣ ምስጋናዬን አቀርባለሁ። ዕድሜና ጤና፣ በተለይም ጆሮ ይስጥልኝ።

ከማይቀንስ አክብሮት ጋር፣

እትዬ ቆይ
የሰባተኛ ‘ለ’ ክፍል ኃላፊ (እስከ ሰኞ)

ግልባጭ፦
ለርዕሰ መምህሩ (አንገታቸው ሲሻላቸው እንዲያነቡት)
ለመምህር ጸጥታ (ክፍሉን ከመረከባቸው በፊት ስለ አጎትየው ብስክሌት ቢያንስ መጀመሪያውን እንዲያውቁ)
ለመጻሕፍት መጋዘን

ማስታወሻ፦ ይህን ደብዳቤ ጽፌ ሙጫ ፍለጋ ስነሣ፣ በምሳ ዕረፍት የስፌት ሠራተኛዋ ልጅ ጠረጴዛዬ አጠገብ መጥታ ቆመች። ለእርስዎ እንደምጽፍ ክፍሉ ሁሉ ያውቃል፤ ተመልሰው እንዲመጡ እንደምለምንዎም ሰምተዋል። አፏን ከፈተች። ደወሉ ተደወለ፤ ልጆቹ በሩ ላይ ደርሰው ሲያዩን እዚያው ቆሙ፤ ራዲዮ አፉን በገዛ እጁ ይዞ ነበር። ጠበቅናት። ከብዙ ቀን በኋላ የተናገረችው የመጀመሪያ ነገር ስለ እርስዎ ስለሆነ ሳላስተላልፍልዎ መቅረት አልፈለግሁም። «እ... እትዬ፣ ሰውዬው ተመልሰው ከመጡ፣ ‘መምጣትዎ ደ... ደስ አሰኝቶናል’ የምትለዋን ከንግግሬ ውስጥ ላ... ላውጣት?» አለችኝ። ተማሪዎቼ እንዲዋሹ ስለማልፈልግ አውጪያት ብያታለሁ። «እንኳን ደህና መጡ» የምትለው ግን እንዳለች ናት፤ እርሷን ለመጣ ሰው ሁሉ እንላታለን።